አስተናግር፦ መርዝም መድኃኒትም የሆነው አረም

ከከተማ ቆሻሻ መጣያ ዳር፣ ከከብት በረት ጀርባ፣ ከፈረሰ አጥር ሥር፣ በበቆሎና በማሽላ ማሳ መካከል ሳይዘሩት የሚበቅል አረም አለ። አስተናግር ይባላል። በአንዳንድ አካባቢ እፀ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ይህ ስም ለካናቢስም ስለሚውል ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው፤ ተክሎቹ ግን ዝምድና የላቸውም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች አስተናግርን የሚያውቁት ዳቱራ ስትራሞኒየም በሚል ስም ነው።

በአገራችን ይህ አረም የታወቀ የባህል መድኃኒት ነው። ቅጠሉ ለቁስል፣ ለእብጠትና ለራስ ቆረቆር፣ ዘሩ ደግሞ ለጥርስ ሕመም ሲውል ኖሯል። ከዚህም አልፎ ትምህርት ያስይዛል፣ አእምሮ ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣበት ልማድ አለ። በዚያው ልክ ግን አስተናግር ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዝ ነው። ዘሩን የቃመ ሕፃን፣ ቅጠሉን ጎመን መስሎት የቀቀለ ቤተሰብ፣ ዘሩ የተቀላቀለበትን እህል አስፈጭቶ የበላ መንደር ብዙ ሳይቆይ ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ላይ ይወድቃል።

እነዚህ ሁለት እውነቶች እርስ በርስ አይጣሉም። መድኃኒቱም መርዙም አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። የሚለያቸው መጠኑ ነው። መጠኑን ደግሞ በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዘግኖ ወይም በልምድ ገምቶ ማወቅ አይቻልም። አስተናግርን አደገኛ የሚያደርገውም በዋናነት ይኸው ነው።

ተክሉን በመልኩ ማወቅ

አስተናግር በአንድ ዓመት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ የሚደርቅ ተክል ነው። ለም መሬት ካገኘ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ግንዱ አረንጓዴ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሲሆን ወደ ላይ ሲወጣ ሁለት ሁለት እየሆነ ይከፈላል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ጠርዙ ወጣ ገባ ያለና የተሸረፈ ነው። በእጅ ሲታሽ የሚከረፋ ሽታ ይሰጣል።

አበባው ረዘም ያለ፣ አፉ የተከፈተ ጡሩምባ ቅርጽ ያለው፣ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተውም ወደ ማታ ነው። ተክሉን ከሌሎች አረሞች በቀላሉ የሚለየው ግን ፍሬው ነው። ፍሬው አነስተኛ የዶሮ እንቁላል ያህላል፤ ዙሪያውን እሾህ ለብሷል። ሲደርቅ ከአናቱ ጀምሮ አራት ቦታ ይሰነጠቅና ውስጡ ያሉት ብዙ ዘሮች ይረግፋሉ። ዘሩ ጠፍጣፋ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያለው፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው፤ ርዝመቱም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እሾህ ያለው ፍሬ የሚያፈራው ጉሎም ስለሆነ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የጉሎ ፍሬ በዘለላ ተያይዞ ይወጣል፤ ቅጠሉም ጣቶቹን እንደዘረጋ እጅ ተከፋፍሏል። የአስተናግር ፍሬ ግን ቅርንጫፉ በተከፈለበት ቦታ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ጉሎም ቢሆን ዘሩ ብርቱ መርዝ ስላለው ልጆች እንዲጫወቱበት የሚተው ተክል አይደለም።

የዕፅዋት ተመራማሪዎች የአስተናግር ጥንተ መገኛ የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው ይላሉ። ዛሬ ግን ሞቃታማና ለስላሳ አየር ባለበት የዓለም ክፍል ሁሉ ይገኛል። ፍግና ቆሻሻ የበዛበትን መሬት ስለሚወድ ከሰው መኖሪያ አይርቅም። ቤተሰቡም የምናውቀው ነው፤ ቲማቲም፣ ድንች፣ ደበርጃንና በርበሬ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ዘሩ እጅግ ጽኑ ነው። በአሜሪካ በተደረገ የቆየ ሙከራ ለ39 ዓመት መሬት ውስጥ ተቀብሮ የቆየ የአስተናግር ዘር ወጥቶ ሲዘራ አብዛኛው በቅሏል። አንድ ጊዜ ዘሩን ያራገፈበት ጓሮ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አረም አገኘ ማለት ነው።

መርዙ ምንድን ነው?

በአስተናግር ውስጥ አልካሎይድ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች መካከል ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሃዮሲያሚን፣ አትሮፒንና ስኮፖላሚን። በሥሩም፣ በግንዱም፣ በቅጠሉም፣ በአበባውም ይገኛሉ፤ ለአደጋ ይበልጥ የሚያጋልጠው ግን ዘሩ ነው። በዘሩ ላይ የተደረጉ ግምቶች ከ50 እስከ 100 ፍሬ ዘር ውስጥ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም አትሮፒን ሊኖር እንደሚችል ያሳያሉ። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከሆስፒታል መጠን ጋር ማስተያየት ይበቃል። የልብ ምቱ ከመጠን በላይ ለቀዘቀዘ አዋቂ ሰው ሐኪም በአንድ ጊዜ የሚወጋው አትሮፒን ከ1 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ይህንኑም የሚሰጠው የልብ ምቱን በመሣሪያ እየተከታተለ ነው። አንድ የደረሰ የአስተናግር ፍሬ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ሊይዝ ይችላል።

ከዚህ የከፋው ችግር መጠኑ የማይጨበጥ መሆኑ ነው። የመርዙ ብዛት እንደ ተክሉ ዕድሜ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ተወሰደው ክፍል ይለያያል። ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት ተክሎች እንኳ የአንዱ መርዝ ከሌላው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ የባህል ሐኪም አምና በሰጠው መጠን ሰው ቢድንም፣ ያው መጠን ዘንድሮ ላለመግደሉ ማረጋገጫ የለውም። መድረቅና መቀቀልም ሙሉ በሙሉ አያከሽፈውም።

ሰውነት ውስጥ ሲገባ

በሰውነታችን ውስጥ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር አለ። ምራቅ እንዲመነጭ፣ አንጀት እንዲንቀሳቀስ፣ ፊኛ እንዲኮማተር፣ ቆዳ እንዲያልብ፣ የልብ ምት እንዲረጋ፣ የዓይን ብሌን እንዲጠብብ ትእዛዝ ያደርሳል። በአንጎል ውስጥም ለትኩረትና ለማስታወስ ዋና አገልጋይ ነው። መልእክቱ የሚደርሰው በየሕዋሱ ላይ ባሉ ልዩ ተቀባዮች በኩል ነው። የአስተናግር አልካሎይዶች በእነዚህ ተቀባዮች ላይ ይለጠፋሉ፤ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ቁራጭ ትክክለኛውን ቁልፍ እንደሚከለክል ሁሉ አሴቲልኮሊንም መግቢያ ያጣል።

ምልክቶቹ ሁሉ ከዚህ የመነጩ ናቸው። ተክሉ ከተበላ ብዙውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አፍና ጉሮሮ ይደርቃል፤ መዋጥም መናገርም ያስቸግራል። የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዛል። ቆዳ ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ይግላል። ላብ ስለሌለ የሰውነት ሙቀት መውጫ ያጣና ትኩሳቱ ይንራል። ልብ በፍጥነት ይመታል። ሆድ ይነፋል፤ ሽንት አልወርድ ይላል።

ቀጥሎ አእምሮ ይታወካል። ሰውየው ያለበትን ቦታና ሰዓት ይስታል፣ ቤተሰቡን አይለይም፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ በአየር ላይ የማይታይ ነገር ይለቅማል፣ ልብሱን ይጎትታል። ይስቃል፣ ይፈራል፣ ይደባደባል። የሚያየውን ነገር እውነት አድርጎ ስለሚይዘው ከፎቅ ሊዘል፣ እሳት ውስጥ ሊገባ፣ ወንዝ ሊገባ ይችላል። ሲጠና የሚጥል እንቅጥቅጥ፣ ሙሉ በሙሉ ራስን መሳት፣ በመጨረሻም የልብና የመተንፈስ መዛባት ሞትን ያመጣል።

መርዙ የአንጀትን እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ የተበላው ዘር ሆድ ውስጥ ቆይቶ ቀስ በቀስ መርዙን ይለቃል። በዚህ ምክንያት ሕመሙ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል። የዓይን ብሌን መስፋት ለአንድ ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። የዳነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሆነውን አያስታውስም።

በባህል ሕክምናችን

አባቶችና እናቶች አስተናግርን ለመድኃኒት የመረጡት በከንቱ አይደለም። ተክሉ ኃይል እንዳለው አስተውለዋል፤ አስተውሎታቸውም ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአጠቃቀሙ ነው።

ቅጠሉን ጨቅጭቆ ቁስልና እብጠት ላይ መለጠፍ በብዙ አካባቢ የተለመደ ነው። አትሮፒን ሕመም የሚያደነዝዝበት መጠነኛ ባሕርይ ስላለው በሽተኛው ቀለል ሊለው ይችላል። ነገር ግን ቆዳው የተላጠ ወይም የተቃጠለ ከሆነ መርዙ በቁስሉ በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ያልታጠበ ጥሬ ቅጠል ደግሞ ለቁስል የአፈር ጀርም ይዞ ይመጣል። በሕፃናት ራስ ላይ ለሚወጣ ቆረቆር ቅጠሉን ማሸት የበለጠ ያሰጋል። ሕፃን ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት መርዝ ይበቃዋል፤ እጁንም ከራሱ ወደ ዓይኑና ወደ አፉ ያመላልሳል። ቆረቆር የፈንገስ ሕመም ነው፤ በጤና ጣቢያ በሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ይድናል።

ለጥርስ ሕመም ዘሩን ፍም ላይ ወይም የጋለ ብረት ላይ አድርጎ ጭሱን ወደ አፍ መውሰድም የቆየ ልማድ ነው። ጭሱ የጥርስ ትል ያወጣል ተብሎ ይታመናል። ጥርስን የሚያበሰብሰው ግን በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳርና ከምግብ ትርፍራፊ የሚያመነጩት አሲድ ነው፤ ጥርስ ውስጥ የሚኖር ትል የለም። ሕመሙ ለጊዜው ፋታ ቢሰጥም ብስባሹ ከሥሩ ይቀጥላል። መርዙ ደግሞ በጭስም ወደ ሳንባ፣ ከሳንባም ወደ ደም ይገባል። ጭሱን የማገው ሰው የዘባረቀው ትሉ ስለወጣለት ሳይሆን ስለተመረዘ ነው።

ለአስም የአስተናግርን ጭስ መማግ በሌላውም ዓለም ነበር። የዳቱራ ዝርያዎችን ለአስም የማጨስ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ ከህንድ ወደ ብሪታንያ ተሻገረ። ከዚያም በአውሮፓና በአሜሪካ ከቅጠሉ የተጠቀለሉ የአስም ሲጋራዎች በመድኃኒት ቤት ለረጅም ዘመን ተሸጡ። አትሮፒን የተጨማደደ የአየር ቧንቧን ስለሚያላላ ትንፋሽ ይከፍት ነበር። ይሁን እንጂ መጠኑ አልተለካም፤ ጭሱም ራሱ ሳንባ ይጎዳ ነበር። በኋላ ከአትሮፒን ተሻሽሎ የተሠራው ኢፕራትሮፒየም የተባለው የሚነፋ መድኃኒት ቦታውን ያዘ። ከሳንባ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ አእምሮ አያናውጥም።

ከሁሉም በላይ ከአስተናግር መራቅ ያለባቸው ሰዎች አሉ፦ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ የልብ ሕመምተኞች፣ የዓይን ግፊት ወይም ግላኮማ ያለባቸው፣ በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የሚያስቸግራቸው አባቶች፣ እንዲሁም ለአእምሮ ሕመም ወይም ለእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ። ቅጠሉን ነክቶ ዓይን ማሸት ብቻውን ብሌኑን አስፍቶ ለቀናት ዕይታን ሊያደበዝዝ፣ ግላኮማ ላለበት ሰው ደግሞ ድንገተኛ የዓይን ግፊት ሊያስነሳ ይችላል።

አብሾና የማስታወስ ችሎታ

ስለ አስተናግር የሚነገረው ትልቁ እምነት ከትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። በአብነት ትምህርት ቤቶች አካባቢ ትምህርት ቶሎ እንዲገባ፣ ምሥጢር እንዲከፈት ተብሎ የሚጠጣ አብሾ የሚባል መድኃኒት እንዳለ የማይሰማ የለም። የአቀማመሙ ዓይነት እንደየቀማሚው ይለያያል፤ አስተናግር ግን ከእነዚህ የትምህርት መድኃኒቶች ጋር ስሙ ተያይዞ በጥናቶች ተመዝግቧል። በከተማም ቢሆን ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይህን ሲፈልግ ይታያል።

ሳይንሱ የሚያሳየው ፍጹም ተቃራኒውን ነው። በአስተናግር ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን ማስታወስን ከሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮች መካከል በይበልጥ የታወቀው ነው። የአንጎል ተመራማሪዎች የመርሳት ሕመምን ለማጥናት ሲፈልጉ ለጤነኛ ፈቃደኞችና ለቤተ ሙከራ እንስሳት ስኮፖላሚን በመስጠት ለጊዜው የሚረሱ እንዲሆኑ ያደርጓቸዋል። ስኮፖላሚን የተሰጠው ሰው የተነገረውን አዲስ ቃል ዝርዝር መያዝ ያቅተዋል። ምክንያቱም ትምህርት የሚቀረጽበት የአንጎል ሥራ አሴቲልኮሊንን ይፈልጋል፤ አስተናግር የሚዘጋውም እሱኑ ነው።

ታዲያ ምሥጢር ተገለጠልኝ የሚለው ሰው ምን አየ? ያየው መርዙ የፈጠረውን ቅዠት ነው። ቅዠቱ እጅግ ደማቅና እውነት የሚመስል ስለሆነ መገለጥ ተደርጎ ይወሰዳል። የተማሪው ቅኔና ዜማ ግን የተገኘው በዓመታት ድካም፣ በሌሊት ቁር፣ የቃል ትምህርቱን ሺህ ጊዜ እየደገሙ በማጥናት ነው። ይህን የሚያህል ትጋት ለአንድ አረም ማስረከብ ሊቃውንቱን ማሳነስ ነው።

ሌላም እምነት አለ። አብሾ የጠጣ ሰው ከዓመታት በኋላም መጠጥ ሲቀምስ ይለወጣል ይባላል፤ በጥቂት መጠጥ የሚያብደውን ሰው አብሾ አለበት የሚሉትም ለዚህ ነው። አትሮፒንና ስኮፖላሚን ግን በቀናት ውስጥ ከሰውነት ተወግደው ያልቃሉ፤ በደም ውስጥ ተደብቀው ዓመታት የሚጠብቁበት መንገድ የለም። በመጠጥ ጊዜ ራሱን የማይቆጣጠር ሰው ችግሩ መጠጡ ሊሆን ይችላል፤ ያልታከመ የአእምሮ ሕመምም ሊኖርበት ይችላል። ሁለቱም ሕክምና አላቸው። አብሾ ነው ብሎ መተው ከሕክምና ያርቀዋል።

በጎመንና በእህል የሚመጣ አደጋ

መርዙ መድኃኒት ፈልገው በሄዱት ላይ ብቻ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1676 በዛሬዋ ቨርጂኒያ ጄምስታውን ውስጥ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ቅጠሉን እንደ ጎመን ሠርተው በሉ። በ1705 የታተመ የሮበርት ቤቨርሊ የታሪክ መጽሐፍ ወታደሮቹ ለ11 ቀናት አእምሯቸውን ስተው እንደቆዩ ይናገራል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንድ ግዛት የአንድ ቤተሰብ 6 ሰዎች ከጓሮ የተቀጠፈ የአስተናግር ቅጠል የገባበት ወጥ በልተው ሁሉም ሆስፒታል ገቡ፤ ሁሉም ተረፉ። በስደት አገር ከጓሮና ከመንገድ ዳር ጎመን ወይም ሳማ የሚመስል ቅጠል የሚለቅሙ ወገኖች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

በእህል በኩል የሚመጣው አደጋ ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይመታል። አስተናግር ከበቆሎ፣ ከማሽላና ከአኩሪ አተር ጋር አብሮ ሊበቅልና ሊታጨድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኡጋንዳ ካራሞጃ አካባቢ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የታደለ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ አልሚ ዱቄት በእነዚሁ አልካሎይዶች ተበክሎ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሲታመሙ 5 ሰዎች ሞተዋል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ዱቄቱ ከየአገሩ እንዲሰበሰብ አደረገ። የአውሮፓ ኅብረትም ለሕፃናት በሚዘጋጅ የእህል ምግብ ውስጥ የሚገኘው አትሮፒንና ስኮፖላሚን እያንዳንዳቸው በኪሎ ግራም ከ1 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጡ በሕግ ወስኗል። ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ለእኛ ቤት ትምህርቱ ግልጽ ነው። እህል በሰፌድ ማበጠር፣ በወንፊት መንፋትና በእጅ መልቀም ከጠጠር ብቻ ሳይሆን ከመርዝም ይጠብቃል። ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ጠፍጣፋና ጥቁር የኩላሊት ቅርጽ ያለው ዘር የታየበት እህል በደንብ ካልተለቀመ መፈጨት የለበትም። ከተፈጨ በኋላ ለመለየት የሚያስችል ቀለምም ሽታም የለውም። ለከብት የሚሰጥ ድርቆሽም ይመርመር። ከብት ተክሉን ሜዳ ላይ ቢሸሸውም ከሌላ መኖ ጋር ተደባልቆና ደርቆ ሲቀርብለት ይበላዋል።

በሐኪም እጅ ሲገባ

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የጀርመን ኬሚስቶች አትሮፒንን ከአስተናግር ዘመዶች ለይተው አወጡ። ንጥረ ነገሩ በንጹሕ መልኩ ስለተገኘ በሚሊ ግራም መለካት ተቻለ፤ ያኔ መርዙ መድኃኒት ሆነ። ዛሬ አትሮፒን የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ ከመዘገባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። የቀዘቀዘ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት ይጠቀምበታል። ስኮፖላሚን ደግሞ በጉዞ ጊዜ ለሚያስመልሳቸው ሰዎች ከጆሮ ጀርባ በሚለጠፍ መልክ ይሰጣል።

ለአርሶ አደሮቻችን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ሌላ አገልግሎት አለው። እንደ ማላታይን ባሉ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች የተመረዘ ሰው ሰውነቱ ውስጥ አሴቲልኮሊን ከመጠን በላይ ይከማቻል። ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ብሌኑ ይጠብባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል። አትሮፒን ይህን በመግታት ነፍስ ያድናል። አስተናግር የሚያደርቀውን ያህል ፀረ ተባዩ ያረጥባል፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው ማርከሻ ይሆናል። ይህን ሰምቶ በቤት ውስጥ ፀረ ተባይ ለጠጣ ሰው አስተናግር ማጠጣት ግን ሁለተኛ መርዝ መጨመር ነው። ሐኪሙ አትሮፒኑን የሚሰጠው በደም ሥር፣ የሳንባውን ድምፅ እያዳመጠና የልብ ምቱን እየቆጠረ፣ በየደቂቃዎቹ መጠኑን እያስተካከለ ነው።

ሰው ቢመረዝ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ያልታሰበ ነገር መጠርጠር ያስፈልጋል። ጤነኛ የነበረ ሰው ድንገት ቢዘባርቅ፣ ብሌኑ ቢሰፋ፣ አፉ ቢደርቅ፣ ቆዳው ቢግልና ላብ ባይኖረው የተበላውን ነገር ጠይቁ። እንዲህ ያለው ሕመም በብዙ ቤት ዛር፣ ቡዳ ወይም ርኩስ መንፈስ ተደርጎ ይታያል። ጸሎት የሚያደርግ ሰው ጸሎቱን አይተው፤ በሽተኛው ግን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሰዓቱ በባከነ ቁጥር ሆድ ውስጥ ያለው ዘር መርዙን መልቀቁን ይቀጥላል።

በሽተኛውን ለብቻው አትተዉት። ከእሳት፣ ከገደል፣ ከውኃና ከስለት አርቁት። አፉ ውስጥ የቀረ ቅጠል ወይም ዘር ካለ አውጡ፤ እጁንና ፊቱን በውኃና በሳሙና እጠቡ። ትኩሳቱ እንዲቀንስ ልብሱን አላሉ፣ ጥላ ውስጥ አድርጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዙት፤ ብርድ ልብስ አትደርቡበት። በገመድ አትሰሩት። ታስሮ የሚታገል ሰው ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጡንቻው ይጎዳል፣ ልቡም ይደክማል። እንዲያስመልሰው ጣት አትክተቱ፤ ራሱን እየሳተ ያለ ሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወተት፣ ዘይት፣ አረቄም ሆነ ሌላ የአገር ባህል ማርከሻ አትስጡት።

የበላውን ተክል፣ ዘር ወይም የተረፈውን ምግብ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ለሐኪሙ ከሁሉም የበለጠ መረጃ ነው። ሕመሙ ድንገተኛ የአእምሮ ሕመም መስሎ ስለሚታይ ለዚያ የሚሰጡ አንዳንድ ማስታገሻዎች የአስተናግርን ሥራ ሊያባብሱ ይችላሉ። መርዙ ከታወቀ ግን ሐኪሙ መርዙን የሚመጥ ከሰል ሊሰጥ፣ እንደ ዳያዚፓም ባለ መድኃኒት ሊያረጋጋ፣ ሙቀቱን ሊያበርድ፣ የተያዘውን ሽንት በቱቦ ሊያወጣ ይችላል። ለከባድ መመረዝ ፊዞስቲግሚን የተባለ ማርከሻም አለ። በጊዜ የደረሰ ሰው በአብዛኛው ይድናል። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በአሜሪካ የሚኖሩ የመርዝ መረጃ ማዕከሉን በ1-800-222-1222 በማንኛውም ሰዓት መጠየቅ ይችላሉ።

ከደጃችን ማስወገድ

አስተናግርን ለማጥፋት ትክክለኛው ጊዜ ከማበቡ በፊት፣ ቢዘገይ ደግሞ ፍሬው ሳይሰነጠቅ ነው። እጃችሁን በጓንት ወይም በወፍራም ፌስታል ሸፍናችሁ ከነሥሩ ንቀሉት፤ ሥራው ሲያልቅ ዓይናችሁን ከመንካታችሁ በፊት ታጠቡ። የደረሰ ፍሬ ያለውን ተክል ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ከማሳው ጋር ይበቅላል። ቤት አጠገብም አታቃጥሉት፤ ጭሱ ራሱ መርዝ ነው። ልጆች በማይደርሱበት ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ይሻላል። ዘሩ ለረጅም ዘመን ስለሚቆይ በዚያው ቦታ በየክረምቱ መመልከት ያስፈልጋል።

ልጆችን በተመለከተ ተክሉን መንቀል ብቻ አይበቃም። እሾሃሙን ፍሬ በዓይናቸው አይተው እንዲያውቁት ማድረግ፣ እንዳይነኩት መንገር የወላጅም የመምህርም ሥራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎችም ስለ ንጽሕናና ስለ አረም ሲያስተምሩ አስተናግርን በስሙ ቢጠሩት ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

የባህል ሐኪሞቻችን ደግሞ ይህን እውቀት ከማንም የተሻለ ሊያግዙት ይችላሉ። የተክሉን ኃይል የሚያውቁ እነሱ ናቸውና፣ የሚጠጣና የሚጨስ አስተናግር ለሰው ባለመስጠት፣ የሚያውቁትንም ለተመራማሪዎች በማካፈል የአባቶችን ጥበብ ያስከብራሉ። አስተናግር መድኃኒት የሚሆነው ተጣርቶና ተለክቶ በሐኪም እጅ ሲሰጥ ብቻ ነው። በቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በመድኃኒት ቀማሚ ደጅም የሚሰጥ አስተናግር መርዝ ነውና አትጠጡት፣ አታጢሱት፣ ለልጆቻችሁም አትስጡ።